የዕቅዴ ኅዳግ

የመምህርን ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቅድ ሳወጣ ኖሬ አንድም አላየሁም። ዓርብ ዓርብ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንጽፋለን፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንቆልላለን፣ ሰኞ ጠዋት ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ይመለስልናል። አንድ ጊዜ ለመሞከር ያህል «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» በሚለው ሣጥን ውስጥ «በሕይወት ያለ አንድ ጉማሬ» ብዬ ጻፍኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ትምህርቱም ስለ አጥቢ እንስሳት ስለነበር ያን ያህል አላበዛሁትም። ሰኞ ተፈርሞ መጣ። ማኅተሙ እንዲያውም ጉማሬው ላይ ነበር ያረፈው።

ሌላም ያልተጻፈ ሕግ አለን። በእስክሪብቶ የተጻፈው የቢሮው ነው፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው የመምህሩ የራሱ ነው። ኅዳጋችን ላይ «ኪሮስ የኋላ ወንበር ላይ ይተኛል፣ ወደ ፊት አምጣው»፣ «ጠመኔ አልቋል»፣ «ስትመለስ ሽንኩርት» የመሰለ ነገር እንጭራለን። አለቃ በእርሳስ የተጻፈውን አያይም፤ ቢያይም አላየም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የደረሰብኝ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነውና።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። መቐለ ያስቀረችኝ ለምለም ናት። ዓዲ ሓቂ ካምፓስ አብረን ባዮሎጂ ተምረን፣ አብረን ወድቀን፣ አብረን ድጋሚ ተፈትነን፣ ሦስት ዓመት መቐለ ካስተማርን በኋላ ተጋባን። ሰርጋችን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እሷን ሸራሮ መደቧት፣ እኔን እዚሁ መቐለ ተዉኝ። እንግዲህ አስቡት፤ በእሷ አገር፣ በእሷ እናት ግቢ፣ የእሷን የልጅነት ፎቶግራፍ ፊት ለፊት እያየሁ የቀረሁት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ የሙሉ ቀን አውቶቡስ ርቃ ቆላ ወርዳለች። የምንገናኘው ለገና፣ ለፋሲካና ለክረምት ነው።

አማቴ ኣደይ ብርኽቲ ልጃቸው ትታባቸው የሄደች አደራ አድርገው ያዩኛል። ስትመለስ ጎድዬ እንዳልገኝ በቀን ሦስት ጊዜ ያበሉኛል፤ በመሃል ደግሞ ሁለት ጊዜ «ትንሽ ቅመስ» ይሉኛል። ሰው ሲናፍቅ ይከሳል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ወፈርኩ። ናፍቆቴን የሚያምንልኝ ሰው ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ስልክማ አለ። ለምለም የተከራየችው ቤት ግን ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ሲወጡ ነው። እዚያ ደግሞ የከተማው ሠራተኛ በሙሉ አንድ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ተሰልፎ ይቆማል። «ደህና ነህ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ» እላታለሁ። «እናቴስ?» «ደህና ናቸው።» «እሺ በቃ፣ ሰው አጠገቤ አለ።» ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ትዳራችንን ያስተዳደርነው በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ነው።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ለመምህራን ስለ ነፃ የኦንላይን መርጃዎችና ዲጂታል መሣሪያዎች የሦስት ቀን ሥልጠና መጣ። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ተስፋ የሞላው ሰው ነበር። ልብ ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ፈተና ራሱ የሚያርም ቅጽ፣ የእንቁራሪትን ሆድ ያለ እንቁራሪት የሚከፍት ፕሮግራም አሳየን። ይህም ነፃ ነው፣ ያም ነፃ ነው ይለናል። እኛ ነፃ ነገር ለምዶብን ስለማያውቅ መጨረሻ ላይ ምን ሊጠይቀን ይሆን እያልን በዓይናችን እንጠያየቃለን። የመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃል ስናወጣ አለቀ፤ ሁለተኛው ቀን የረሳነውን የይለፍ ቃል ስናስመልስ አለቀ። እኔ የራሴን አልረሳሁም፤ የባለቤቴ ስም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የስፖርት መምህርም ሳልነግረው በአንድ ሙከራ አገኘው።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ አንድ ነጭ ገጽ ግድግዳው ላይ አሳየንና «በዚህ ገጽ ላይ ሁለት መምህራን በተለያየ ከተማ ሆነው፣ በአንድ ጊዜ፣ አብረው መጻፍ ይችላሉ» አለ።

እጄን አወጣሁ። «ምን ያህል የተለያየ ከተማ?»

«የፈለገ ይራቅ። አንደኛው ጃፓን ሊሆን ይችላል።»

«ሸራሮስ?»

ትንሽ አሰበ። «ኔትወርክ ካለ» አለኝ።

የለምለም ትምህርት ቤት ኢንተርኔት የገባለት አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። ለመምህራን የሚፈቀደው ግን ለትምህርት ሥራ ብቻ ነው፤ ወሬ ለማውራት ብሎ ነገር የለም። ለምለም ማክሰኞና ሐሙስ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ክፍት ናት። ያንኑ ሰዓት እኔም ክፍት ለማድረግ ከኬሚስትሪ መምህሩ ጋር ተቀያየርኩና በምትኩ የባንዲራ ሥነ ሥርዓት ተራውን ሁሉ ወሰድኩለት። ሁለታችንም ዘጠነኛ ክፍል ስለምናስተምር የጋራ ዕቅድ ማውጣታችን ማንንም አያስጠረጥርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካምፓሱ ፊት ለፊት ካለች ኢንተርኔት ቤት ጥግ ላይ እሰየም ጀመር።

ገጹን ከፍቼ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከላይ በስተግራ አንዲት ሐምራዊ ጭረት ብልጭ ትላለች፤ አናቷ ላይ በትንንሽ ፊደል «ለምለም» የሚል ተጽፏል። በቃ፣ መጣች። ጭረቷ ስትንቀሳቀስ ጣቷ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስትቆም እያሰበች ነው። አንድ ቃል ጽፋ ስታጠፋው አያለሁ፤ ምን ልትለኝ ነበር እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ምንም ሳንጽፍ የእኔን ጭረት ወስጄ ከእሷ አጠገብ አቆማለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች የካምፓስ ተማሪ አይታኝ «መምህር፣ ተበላሸብዎት እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ በደንብ እየሠራ ነው» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ዕቅዱ እንደ ደንቡ በእንግሊዝኛ ነው። ኅዳጉ፣ ማለትም ከገጹ ጎን ቢጫ ሆኖ የሚወጣው ማስታወሻ፣ ግን በአማርኛ ነው፤ ሆድ ሲብስ ደግሞ በትግርኛ ይሆናል። «መግቢያ፦ 5 ደቂቃ» ከሚለው አጠገብ «አምስት? አንተ ሰላም ለማለት ብቻ አሥር ትፈጃለህ» ብላ ትጽፋለች። የጉማሬውን ታሪክ ነግሬያት ስለነበር በየሳምንቱ «ጉማሬው ደረሰ ወይ? ሰላም በልልኝ» ትላለች። የወባ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ «እዚህ ሴቷ ትንኝ በስም ታውቀኛለች። አጎበሬ ተቀዶ በመርፌ ሰፍቼዋለሁ» አለችኝ። «አትቀልጂ፤ ትኩሳት አለሽ?» «የለኝም።» «ማይልኝ።» «በምን ልማልልህ፣ በደም ምርመራ?»

እኔም የሆዴን ሁሉ እዘረግፋለሁ። «እናትሽ ዛሬም ሁለት ምሳ አበሉኝ፤ ሽሯቸው ጨው ይበዛበታል፣ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል» ብያለሁ። «ዛሬ የቅጠል ክፍሎችን ሰሌዳ ላይ ስዘረዝር አራተኛው ላይ ስምሽን ጽፌ ተገኘሁ። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት» ብያለሁ። አንዷ ይህንኑ ፈተና ላይ መልሳው ግማሽ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። ለምለም ደግሞ አንድ ሐሙስ፣ የግምገማ ጥያቄዎች ከሚለው ሣጥን ጎን፣ «ትናንት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ትዝ ያለኝ ከቀዳሁ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ጎረቤቴ መጥታ ጠጣችልኝ» ብላ ጻፈች። ጭረቴን አጠገቧ አቆምኩና እዚያ ማዶ ደወላቸው እስኪደወል እንደዚያው ሆንን።

በዚህ መሃል የእኛ ትምህርት ቤት ሁለተኛው የባዮሎጂ መምህር ጡረታ ወጡ። ቦታው ክፍት ሆነ ማለት ነው! ለምለም የዝውውር ቅጽ ከሞላች ሁለት ዓመት አልፏታል። የቀረው ነገር ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ካሕሳይ «የባዮሎጂ መምህር እጥረት አለብን» ብለው አንድ ደብዳቤ እንዲጽፉላት ብቻ ነው። አቶ ካሕሳይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ሞዴል» የምትባል ቃል ሲሰሙ ግን ልባቸው ይቀልጣል። ሞዴል ክፍል፣ ሞዴል ተማሪ፣ ሞዴል የቆሻሻ ጉድጓድ አለን። እንግዲያው ሞዴል መምህር ልሁንላቸውና ደብዳቤዬን ልለምን ብዬ ቆረጥኩ።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሣሁና ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ ዕቅዴን ሌላ ከተማ ካሉ መምህርት ጋር በኦንላይን ነው የማዘጋጀው» አልኩ። መምህርቷ ማን እንደሆኑ አልተናገርኩም። አቶ ካሕሳይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በል እንጂ ሓወይ፣ ወንድሜ! ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሯ ረቡዕ ይመጣሉ። ሊንኩን ላክልኝ።»

ላክሁላቸው። ኅዳጉስ አትሉኝም? ኅዳጉ እርሳስ ነዋ! ኮምፒዩተር ላይም ቢሆን፣ በቢጫም ቢጻፍ፣ ኅዳግ ላይ ያለ ነገር የመምህሩ የራሱ ነው፤ ለቢሮ አይታይም። ስድስት ዓመት የኖርኩበትን ሕግ ማሽኑም የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።

አቶ ካሕሳይ ልማዳቸውን አልቀየሩም። ሳያነቡ አተሙት፣ ሳያነቡ ፈረሙበት፣ ሳያነቡ ማኅተም መቱበት። ዕቅዱ አራት ገጽ፣ ኅዳጉ ሃያ ሰባት ገጽ ሆኖ ወጣ። ውፍረቱን ሲያዩ በጣም ተደሰቱ አሉ። ከላይ «ሞዴል ዕቅድ» የሚል ወረቀት አድርገው የማስታወቂያ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈኑበት።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ መምህራኑ ሰሌዳው ፊት ተሰብስበው አየሁ። በስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቅዴ ሊነበብ! ኮሌታዬን አስተካከልኩ። የኬሚስትሪ መምህሩ ዓይኑን በመሐረብ ይጠራርጋል። ሥዕላዊ መግለጫዬ ይህን ያህል ነክቶታል ብዬ ገረመኝ። የስፖርት መምህሩ ደግሞ «አንተ ገጽ አሥራ ሁለት ደርሰሃል? እኔ ገና ነኝ፤ ምን እንደሚሆን እንዳትነግረኝ!» እያለ ሰው ይገፋል። የገባኝ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ ሰሌዳው ስሄድ አስቁማኝ «መምህር፣ ይቅርታ፣ የባለቤትዎ አጎበር ተቀየረ?» ስትለኝ ነው።

ሮጥኩ። ወረቀቱን ላወርድ እጄን ስዘረጋ ጥበቃው መጥተው መሃል ገቡ። «መምህር፣ ማኅተም አለበት» አሉኝ። ማኅተም ያለበትን ሰነድ ማንሣት የሚችለው ማኅተሙን የመታው ነው። አቶ ካሕሳይ ደግሞ ሱፐርቫይዘሯን ሊቀበሉ ወጥተዋል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ አትክልተኛው፣ ስለ ክፍያ ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ ሳይቀር ቆሞ ያነባል። ስድስት ዓመት የደከምኩበትን ዕቅድ አንድ ሰው አላነበበልኝም፤ ኅዳጌን ግን በአንድ ጠዋት መቐለ ጨረሰችው።

ምሳ ሰዓት ላይ አንገቴን ደፍቼ ቤት ገባሁ። ኣደይ ብርኽቲ ማንበብ አይችሉም፤ የጎረቤት ልጅ ግን ከእኛ ትምህርት ቤት ትማራለች። ትሪው ቀርቦ ጠበቀኝ። አንድ ትንሽ ሰሐን ሽሮ ብቻ ነበረበት።

«ብላ ዝወደይ፣ ብላ ልጄ» አሉኝ። «ጨው የለበትም።»

በላሁ። እውነትም ጨው የሚባል አልነካውም። ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ። እሳቸው ግን «አጎበሩ እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው፣ ኣደይ።»

«ለእኔ በስልክ ደህና ነኝ ትለኛለች። ሁልጊዜ ደህና ነኝ። ለአንተ ነው የምትነግረው።» ነጠላቸውን አጣፉ። «እኔም ናፍቃኛለች እኮ፤ አንተ ብቻ አይደለህም። ማታ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ታነብልኛለህ። ስለ ሽሮው ያለውን ሰምቻለሁ፣ እሱን ዝለለው።»

ከሰዓት በኋላ አቶ ካሕሳይ ቢሮ ተጠራሁ። ሱፐርቫይዘሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሴት ናቸው። ፊት ለፊታቸው ሠላሳ አንዱም ገጽ ተዘርግቷል፤ ሃያ ሰባቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አለበት። ደብዳቤዬ ስትቃጠል ሽታዋ እስኪመጣ ጠበቅሁ።

«መምህር፣ ይቀመጡ» አሉኝ። «ጉማሬው የት ነው?»

አቶ ካሕሳይ ወደ እኔ ዞሩ። «እንታይ ደኣ? የምን ጉማሬ?»

«እርስዎ ፈርመውበታል ይላል እዚህ» አሉ ሱፐርቫይዘሯ። አቶ ካሕሳይ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ሱፐርቫይዘሯ ገጽ ገለጡና ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። «ትናንት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ትዝ ያለኝ ከቀዳሁ በኋላ ነው።» እዚያ ላይ ቆሙ። ቀሪውን አላነበቡም። ገጹን ገልብጠው አስቀመጡት።

«እኔና ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት በዝውውር ተለያይተን ኖረናል» አሉ። «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም። እንዲህ ያለ ነገር መቋረጥ የለበትም። እኔ ራሴ እጽፍላችኋለሁ።»

እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። በሰባት ቀን ውስጥ በሐሳቤ ቤት ተከራየሁ፣ የአልጋውን ቦታ ቀየርኩ፣ ኣደይ ብርኽቲ ደግሞ ዶሮ መረጡ። አጎበሩንም አዲስ ገዝተው ነበርና «አሁን ምን ያደርግላታል፣ ልትመጣ አይደል» ብለው ሳይልኩት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት።

በስምንተኛው ቀን ጽሑፉ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሯ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ የቀረ ምስጋና የለም። ሁለቱ መምህራን ርቀት ሳይገድባቸው ነፃ ዲጂታል መሣሪያ ተጠቅመው በጋራ መሥራታቸው ለሌሎች አርአያ የሚሆን ነው ይላል። ከሥሩ ግን ይህ መልካም ተሞክሮ እንዳይቋረጥ መምህራኑ አሁን ባሉበት ቦታ ሆነው እንዲቀጥሉ ይበረታቱ ይላል። አቶ ካሕሳይም ከዚህ ተነሥተው በትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ መምህር እጥረት በዲጂታል መንገድ ስለተቃለለ ክፍት ቦታው ለጊዜው እንዲቆይ ጽፈዋል። «ሞዴል ሆናችሁ እኮ ሓወይ!» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። ክፋት የለባቸውም፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ቤት ስገባ ኣደይ ብርኽቲ ፊቴን አዩ። አጎበሩን ከሣጥን አውጥተው በማዳበሪያ ጠቅልለው ለሸራሮ አውቶቡስ ረዳት ሰጡት።

እኔም ዓርብ ዕለት ዕቅዴን ስጽፍ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» በሚለው ሣጥን ውስጥ «መምህርት ለምለም፣ በአካል፣ አንድ» ብዬ ሞላሁ። በእርሳስ አይደለም፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ሰኞ ተፈርሞ መጣ። ማኅተሙ ስሟ ላይ ነው ያረፈው።

በማግስቱ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ኢንተርኔት ቤቱ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሊንኩ በየሰው እጅ ስለገባ ገጹ ላይ ብቻዬን መሆን ቀርቷል፤ አረንጓዴው የኬሚስትሪ መምህሩ ነው፣ ብርቱካናማው የስፖርት መምህሩ፣ ሌሎቹን አላውቃቸውም። ገጹ ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚዘጋ አሠልጣኙ አስተምሮን ነበር፤ ያን ሰዓት ግን እኔ ለለምለም የመጀመሪያውን መልእክት እየጻፍኩ ነበር። ሐምራዊዋ ጭረት ብልጭ ስትል ሌሎቹ ቀለማት ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ገጹ ግርጌ ወረዱ። ማንም አላዘዛቸውም።

ጽሑፉ ምን እንደሚል ነገርኳት። ጭረቷ ቆመች። ቶሎ ብዬ ስለ ማኅተሙ ነገርኳት። ዕቅዱ ላይ እንዳስገባኋት፣ አቶ ካሕሳይ እንደፈረሙባት፣ ሰነዱ በእጄ እንዳለ፣ ወስጄ የዝውውር ክፍሉ መስኮት ላይ ብለጥፈው እንኳ ማንም ሊያነሣው እንደማይችል ጻፍኩላት። እንድትስቅልኝ ነበር። ጭረቷ ተንቀሳቀሰች።

«ጉማሬውም እኮ ተፈርሞለት ነበር» አለችኝ። «መጣ?»

መልስ ጀመርኩ። አንድ ቃል ጽፌ አጠፋሁ፤ ሌላ ጽፌ አጠፋሁ። ሳጠፋው እንደምታየኝ አውቃለሁ። እዚያ ማዶ ደወላቸው ተደውሎ መሆን አለበት፤ ሐምራዊዋ ጭረት አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች። ጭረቴን ወስጄ እሷ ቆማ በነበረችበት ቦታ ላይ አቆምኩና ክፍለ ጊዜዬ እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጥኩ።